በእኛ አጥር በኩል የሚያልፈው ባቡር

ባዩሽ ዋሽታ አታውቅም ነበር፤ ወይም እኔ ስትዋሽ ይዣት አላውቅም። ስለዚህ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አጥራችን ሥር ባለ ሦስት እግር መሣሪያ ተተክሎ፣ አንድ ረጅም ሰውዬ ግራ ዓይኑን ጨፍኖ በቀኙ ወደ ግቢያችን ሲመለከት አገኘሁና፣ «ባዩ፣ ይሄ ሰውዬ ምን እያደረገ ነው?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ባቡር ሊያመጣ ነው» አለችኝ።

ያጠበችውን አንሶላ ገመድ ላይ እየዘረጋች ነበር። ፊቷን ከአንሶላው ጀርባ ሰወር አደረገችና፣ «በእኛ አጥር በኩል ነው የሚያልፈው» ብላ ጨመረችበት።

ባዩሽ የእናቴ ታናሽ እህት ናት። እኔ ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ጂንካ ውስጥ እሷ፣ እኔና አያቴ አባባ ሀብተ ማርያም አንድ ቤት እንኖር ነበር። አባባ ልብስ ሰፊ ነው። የስፌት መኪናውን በረንዳ ላይ አድርጎ፣ ስፒል ከንፈሩ ላይ ደርድሮ ስለሚውል ቀን ቀን የሚናገረው በግማሽ አፉ ነበር። አባቴ እኔ ሳልወለድ መኪና ይዞ ወደ ሞያሌ ሄዶ በዚያው የቀረ ሰው ነው፤ ስለሱ ቤታችን ውስጥ አይወራም፣ እኔም አልጠይቅም። እናቴ አለምነሽ ካኮ በምትባል ሌላ ከተማ አስተማሪ ነበረች።

ካኮ ሩቅ አይደለም። ዛሬ በሚኒባስ ስሄድ ከጎኔ የተቀመጠው ሰው የጀመረውን ወሬ ሳይጨርስ እደርሳለሁ። ያኔ ግን መንገዱ በበጋ ጠጠር፣ በክረምት ጭቃ ነው፤ መኪናም እንደልብ የሚገኘው በገበያ ቀን ነው። እማዬ ሳምንቱን እዚያው ውላ አድራ፣ ዓርብ ከሰዓት ያገኘችው አይሱዙ ላይ ተሳፍራ ትመጣና እሁድ ትመለሳለች። አንዳንድ ዓርብ መኪና ይጠፋል። ስለዚህ ዓርብ ከሰዓት ትምህርት አይገባኝም ነበር፤ ጆሮዬ ያለው መንገድ ላይ ነው።

«ባቡሩ ካኮ ይሄዳል?» አልኳት ባዩሽን።

«ይሄዳል።»

«ይመለሳል?»

«ሄዶ የት ይቀራል? ይመለሳል እንጂ።»

«በየቀኑ?»

ባዩሽ ከአንሶላው ጀርባ ብቅ ብላ አየችኝ። ዛሬ ሳስበው እዚያ ላይ ማቆም ትችል ነበር። አላቆመችም።

«ጠዋት ሠራተኛውን ይወስዳል፣ ማታ ይመልሳል» አለችኝ። «ትልልቅ ከተማ እንደዚያ ነው። ሰው አንድ ከተማ ይኖራል፣ ሌላ ከተማ ይሠራል፤ እራቱን ግን ቤቱ ነው የሚበላው።»

ይህን ከየት እንዳመጣችው የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው። ባለ ሦስት እግሩ ሰውዬ ጥቂት ቀደም ብሎ ቦኖ ውኃ ላይ አግኝቷት፣ ምን እንደሚያወራት ጨንቆት፣ በሰፊው ዓለም ሰዎች እንዴት ወደ ሥራ እንደሚሄዱ ነግሯት ኖሯል። እሱም መጽሔት ላይ ያነበበው ነበር። እኔ ግን ይህን አላወቅኩም። የደብተር ቦርሳዬን በረንዳው ላይ ጥዬ እየሮጥኩ ወጣሁ። በጂንካ ያልነገርኩት ሰው የቀረ አይመስለኝም።

የመጀመሪያው የጎረቤታችን ልጅ ዮሲ ነው። ዮሲ ሦስተኛ ክፍል ስለነበረ የማያውቀው ነገር አልነበረም።

«ባቡር መሪ የለውም» አለኝ።

«ታዲያ እንዴት ይታጠፋል?»

«አይታጠፍማ። ቤት ካጋጠመው ቤቱን ነው የሚያጥፈው።»

በዚያን ዘመን የአውሮፕላን ማረፊያው ከተማው መሀል ነበር፤ ረጅም የሣር ሜዳ፣ አውሮፕላን በማይመጣበት ቀን ላም የሚግጥበት። የሰፈሩ ልጆች ተሰብስበን፣ አንዱ የሌላውን ዩኒፎርም ጫፍ ከኋላ ይዞ፣ ዮሲ ከፊት፣ ሜዳውን ከዳር ዳር መሮጥ ጀመርን። ላሞቹ ገለል ይሉልን ነበር። ትልቁ ድንጋይ በመንገዱ ላይ ያለችው አልዱባ ናት፤ እዚያ ደርሰን እንዘላለን። የግራሩ ጥላ ካኮ ነው። እኔ ሁልጊዜ ካኮ ላይ ወርጄ፣ የማትታየዋን እናቴን እጇን ይዤ እመለስ ነበር።

«እንግዲህ ሁለት ሰው ሆነሻል፤ ራቅ በይ፣ ቦታ ልቀቂላት» ይለኛል ዮሲ። ከኋላዬ ያለው ልጅም ለእናቴ ቦታ ለቅቆ፣ እጁን ዘርግቶ አየሩን ይዞ ይሮጣል።

ቅዳሜ ገበያ ላይ አናናስ የምትሸጠው ያለምወርቅ ጠራችኝ።

«አንቺ የሀብተ ማርያም ልጅ፣ ባቡርሽ አናናስ ይጭናል?»

«ይጭናል።»

«ከነቅርጫቱ?»

«ከነቅርጫቱ።»

«ሰውዬው ዛሬም በናንተ በኩል ነበር?»

«ዛሬም ነበር። ትናንትም ነበር» አልኳት፣ እንደ ጣቢያ ኃላፊ ኮስተር ብዬ።

ያለምወርቅ አጠገቧ ካለችው ሙዝ ሻጭ ጋር ተያዩና ሁለቱም ሻሻቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። ሙዝ ሻጯም ባቡሩ በሷ ሰፈር በኩል እንዲቆምላት ለመነችኝ። ቃል ገባሁላት። በዚያ ሰሞን ቃል ያልገባሁለት ሰፈር የለም። ሰው ሁሉ ለባቡሩ እንደዚያ መጓጓቱ ደስታዬን እጥፍ አደረገው። የጓጉት ለሌላ ወሬ እንደነበረ፣ እኔም ያንን ወሬ ሳላውቀው ትኩስ ትኩሱን እያደረስኩላቸው እንደነበረ ማን ይንገረኝ?

ሰውዬው ሉቃስ ይባላል። ከጂንካ ከፍ ብሎ ካሉት የአሪ መንደሮች የአንዱ ልጅ ነው፤ ቅየሳ ተምሮ መጥቶ የከተማው ቀያሽ ሆኗል። ሲስቅ ትከሻው ብቻ ነው የሚስቀው፤ ድምፅ የለውም። የሚቀይሰው የጎርፍ ማስወገጃ ቦይ ነበር። ቦዩ ዛሬ አለ፤ ሄዶ ማየት ይቻላል። ያለው ግን ከእኛ ቤት በተቃራኒ፣ በከተማው ሌላ ጫፍ ነው። በእኛ ሰፈር በኩል አንድም ጊዜ ታስቦ አያውቅም።

ያም ሆኖ ሉቃስ በየቀኑ ከሰዓት ይመጣል። ቀይና ነጭ ቀለም የተቀባውን ረጅም ዘንግ የሚይዝለት ሠራተኛ ነበረው፤ እሱ ግን እኛ ሰፈር ሲደርስ ማንጎው ሥር ጋደም ይላል። ዘንጉን የምትይዘው ባዩሽ ናት።

«እባክሽ፣ ለአንድ አፍታ» ይላታል ሉቃስ።

ባዩሽ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ዘንጉን ትይዛለች። እሱ መሣሪያው ላይ ያጎነብሳል።

«ትንሽ ወደ ግራ። በጣም ሄድሽ። ወደ ቀኝ። እዚያው። አትንቀሳቀሺ።»

«እጄ ዛለ» ትላለች።

«ሊያልቅ ነው።»

አያልቅም። ፀሐይ ከማንጎው ጀርባ እስክትወርድ አያልቅም ነበር። አንድ መስመር መለካት ይህን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ ሳይ ለባቡሩ ያለኝ አክብሮት ጨመረ።

አንድ ቀን ሉቃስ እኔንም በመሣሪያው አሳየኝ። ወገቤን ይዞ ከፍ አደረገኝና ዓይኔን መስታወቱ ላይ ደገንኩ። አሮጌ መሣሪያ ስለነበረ ነገሩን ሁሉ ገልብጦ ነው የሚያሳየው። ባዩሽ ተዘቅዝቃ ታየችኝ፤ ሰማዩ ከታች፣ እግሯ ከላይ፣ ፊቷ እጄን ብዘረጋ የምነካው ያህል ቅርብ። ቀጭን የመስቀል መስመር ልክ አፍንጫዋ ላይ አርፏል። እየሳቀች ነበር። ባዩሽን ከዚያ በፊት እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም፤ ሲገለበጥ የሰው ፊት እንደሚያምር የተማርኩት በዚያ ቀን ነው።

ነገሩ የተበላሸው ችካሉ ላይ ነው።

ሉቃስ አንድ ቀን በራችን አጠገብ፣ አናቱ ቀይ ቀለም የተነከረ የእንጨት ችካል ተከለ። «ይህ ከተነቀለ ሥራው ከመጀመሪያው ይጀመራል» አለ፣ ጮክ ብሎ፤ ለማን እንደሚናገር አልገባኝም። በማግስቱ ጠዋት ችካሉ የለም። ከሰዓት መጣ፣ ቦታውን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ እንደገና ለካ፣ ዘንግ አስያዘ፣ አዲስ ተከለ። በነጋታው እሱም የለም።

ባቡሩ ጠላት እንዳለው ገባኝ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት የዮሲን እናት ፍየል ነው። ከዚያ አቶ ሩፋኤልን። አቶ ሩፋኤል የአባባ ጓደኛ ናቸው፤ ከባድ ሰውነትና በሽተኛ ጉልበት ያላቸው ጎረቤት፤ ባቡሩን ስነግራቸው «ዶሮዎቼ ከደነገጡ እንቁላል ያቆማሉ» ብለውኝ ነበር። አንድ ቀን ሊመሽ ሲል እንሰቱ መሀል ተደብቄ ጠበቅኩ።

የመጣችው ባዩሽ ናት። ግራ ቀኝ አየች። አጎነበሰች። ችካሉን እንደ ወተት ጥርስ ወዲያና ወዲህ ነቅነቅ ነቅነቅ አድርጋ ነቀለችው፤ አፈሩን አራገፈችለት፤ በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛው ገባች።

እራት አልበላ አለኝ። የነገረችኝ እሷ፣ የምታፈርሰው እሷ። ብዙ አስቤ ምክንያቱን አገኘሁት። እማዬ በየማታው ከመጣች እኔ ከእማዬ ጋር ልተኛ ነው፤ ባዩሽ ደግሞ እስከዛሬ አልጋ የምትጋራው ከእኔ ጋር ነው። ብቻዋን መተኛት ፈርታ ነው። አሳዘነችኝ። ግን እናት እናት ናት። በማግስቱ ሉቃስን ሠራተኛው ሳይሰማን ጠጋ ብዬ ጎተትኩት።

«ጋሽ ሉቃስ፣ ችካሉን የሚነቅለው ማን እንደሆነ አውቄያለሁ።»

«ፍየል ነው» አለኝ፣ ደከም ብሎ።

«ባዩሽ ናት።»

ቀና አለ። «ማን?»

«ባዩሽ፤ አክስቴ። በዓይኔ አይቻታለሁ። እንዳትቆጣት፣ ክፋት የላትም።»

«ምን ሆና ነው ታዲያ?»

«ሥራውን እንዳትጨርስ ነው።»

«እንዳልጨርስ» አለ ሉቃስ፣ ቃሉን እንደ ከረሜላ አፉ ውስጥ እያገላበጠ። «እኔ እንዳልጨርስ።»

ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠ። ትከሻው መሳቅ ጀመረ። እጄን እንደ ትልቅ ሰው ጨበጠኝ፤ ኪሱን ገልብጦ ያለውን ከረሜላ ሁሉ ሰጠኝ፤ ከዚያ ተነስቶ መንገዱን ይዞ ሄደ። መሣሪያው እዚያው ቆሞ ቀረ። ሠራተኛው ከማንጎው ሥር ተነስቶ፣ «ኧረ ዕቃውን፣ ኧረ ሉቃስ» እያለ ተከተለው። ሥራው የተበላሸበት ሰው እንዴት እንደዚያ እንደሚደሰት ከረሜላው እስኪያልቅ ሳስብበት ቆየሁ።

አሁን ሁለቱም ይነግሩኛል፣ አንዱ የሌላውን አፍ እየነጠቀ። ባዩሽ ዘንግ ትይዝለታለች፣ ትስቅለታለች፤ ስለ ትዳር ሲያነሳባት ግን «እኔ የትም አልሄድም፣ ልጅ አለችብኝ» ብላ ታዞራለች። ሉቃስ ተስፋ ቆርጦ ወደ ኦሞራቴ ለመዛወር ጠይቆ ነበር። ችካሉን የተከለው ለመምጫ ሰበብ ነው፤ የሚነቅለው ግን በእውነት ፍየል ይመስለው ነበር። ከእኔ ከሰማ በኋላ በዚያው እግሩ ወደ አጎቱ መንደር ወጣ።

ከዚያ በኋላ በነበረው ቅዳሜ በማለዳ ሦስት ሰዎች መጡ። አንዱ አቶ ሩፋኤል ናቸው። አንዱ የሉቃስ አጎት አቶ ተፈሪ፤ ገበሬ ናቸው፤ አማርኛን በጎልማሳነታቸው ስለተማሩት አባባን አንዴ «አንተ» አንዴ «እርስዎ» ይሉታል፣ ሁለቱንም በእኩል አክብሮት። ሦስተኛው ዝምተኛ ሰውዬ ነበሩ። ሦስቱም ሳሎን ገብተው ቆሙ።

አልተቀመጡም። አባባም ተቀመጡ አላላቸውም። እንግዳ ሲቆም ዝም የተባለበት ቀን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። እማዬ ከሳሎን አስወጣችኝ፤ እኔም በመስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። ጓዳ ውስጥ ባዩሽ ያልተለኮሰ እሳት እፍ ትላለች።

ከውስጥ የሉቃስ ስም ሲነሳ ሰማሁ። ነገሩ የባቡሩ መሆኑን በዚህ አወቅኩ። አባባ «የእናንተ ቤተ ክርስቲያን ሌላ፣ የእኛ ሌላ» ሲል ደግሞ ባቡሩ ቤተ ክርስቲያን ሊነካ ነው ብዬ ደነገጥኩ። አቶ ተፈሪ ቀስ ብለው መለሱ። አባባ «ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ፤ መክረን እንጠብቃችሁ» አለ። ሦስቱም እንደቆሙ መጥተው እንደቆሙ ሄዱ።

ለዮሲ ነገርኩት። ትንሽ አሰበ። «ቆሞ መጥቶ ቆሞ የሄደ ሰው ተከልክሏል ማለት ነው» አለኝ። በዚያን ቀን ሜዳው ላይ አልሮጥንም።

በአገሩ ደንብ ሽማግሌ የመጀመሪያ ቀን አይቀመጥም፤ የመጀመሪያ ቀንም እሺ አይባልም። ልጅ የረከሰች እንዳትመስል አንድ ጊዜ መመለስ ግድ ነው። የልጅቷ አባት በአንደበቱም ሆነ በእጁ ሽማግሌዎቹን ካስቀመጠ ግን ነገሩ አልቋል፤ የቀረው የድግስ ምክር ነው። ይህን ዮሲም አላወቀ፣ እኔም አላወቅኩ። ስለዚህ ሁለቱን ሳምንት አባባን ለማሳመን ተነሳሁ።

«አባባ፣ ባቡር የድሮው ነው ጭስ ያለው። የዘንድሮው የለውም።»

«እም» አለ አባባ በስፒሎቹ መሀል።

«ቤታችን ካስቸገረ ትንሽ ወደ ጓሮ እንግፋው። ዮሲም ያግዘናል።»

አባባ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከከንፈሩ አውጥቶ የስፒል መሰኪያው ትራስ ላይ ሰካና ግንባሬን ዳሰሰው። «ባዩሽ» ብሎ ተጣራ፣ «ይህችን ልጅ እስቲ እያት፣ ወባ እንዳይሆን።»

ሽማግሌዎቹ በቀጠሮው ተመለሱ። አሁንም ቆሙ። እኔ ጓሮ ልብስ እንድጠብቅ ተልኬ ስለነበር መጀመሪያውን አልሰማሁም፤ የነገረችኝ እናቴ ናት። የሃይማኖቱ ነገር በዚያ ቀን ብዙም አላስቸገረ። አቶ ሩፋኤል «ሁለቱም ይጾማሉ፣ ሁለቱም ይጸልያሉ፤ ልዩነቱን ለእግዜር እንተውለት፣ እሱ ሥራ ይፈልጋል» ብለው አሳልፈውታል። አባባን የያዘው ሌላ ነገር ነው። «ባዩሽ ከሄደች ልጅቷን ማን ያሳድጋታል? እኔ እንደምታዩኝ ነኝ። አለምነሽ ካኮ አንዲት ክፍል ውስጥ ናት። ልጅቷ የለመደችው ባዩሽን ነው።» ባዩሽ ራሷም ከጓዳ ሆና በዚህ ላይ ቃል አልተነፈሰችም። ቢወዳትም፣ ብትወደውም፣ መልሱ እኔ ጋ ቆሞ ነበር።

እኔ በበሩ ጫፍ የደረስኩት አባባ፣ «እንግዲህ አይሆንም። ምን ላድርግ?» ሲል ነው።

ገባሁ። የልብስ መቆንጠጫ በእጄ እንደያዝኩ ነበር።

«አባባ፣ ፍቀድላቸው» አልኩ። «ይለፍ። ቤቱንም ይውሰዱት። ባቡሩ ካልመጣ እማዬ ማታ ማታ በምን ትመጣለች?»

«ባቡር?» አሉ አቶ ተፈሪ ወደ አቶ ሩፋኤል ዞረው። «እኛ ባቡር ይዘን ነው የመጣነው?»

«ጋሽ ሉቃስ የሚያመጣው ነዋ» አልኳቸው። ሽማግሌ ሆነው የተላኩበትን አለማወቃቸው ገረመኝ። «በአጥራችን በኩል ያልፋል። ጠዋት እማዬን ይወስዳል፣ ማታ ይመልሳታል፣ እራት እቤት ነው። በየቀኑ። ባዩሽ ናት የነገረችኝ፤ ቆይታ ግን ችካሉን መንቀል ጀመረች።»

ጓዳ ውስጥ ድስት ወደቀ። ክዳኑ ወለሉ ላይ ለረጅም ጊዜ ሲሽከረከር ተሰማ፤ ከዚያ የባዩሽ ሳቅ። ልትይዘው ሞክራ ነበር፤ በአፍንጫዋ አመለጣት። አቶ ተፈሪ ተከትለው ሳቁ። ዝምተኛው ሰውዬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ግድግዳውን መምታት ጀመሩ። አባባ መጀመሪያ በግማሽ አፉ ነው የሳቀው፣ በልማድ፤ ከዚያ ስፒል እንደሌለው ትዝ አለው መሰለኝ፣ ቤቱን ሞላው።

አቶ ሩፋኤል ሲስቁ ጉልበታቸው ከዳቸው። አንድ እጃቸው አየር ሲቀዝፍ አባባ ዘሎ ክንዳቸውን ያዘና፣ በገዛ እጁ፣ የራሱ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው።

ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመ። ሁሉም የተቀመጡትን አቶ ሩፋኤልን አዩ።

«ሀብተ ማርያም» አሉ አቶ ሩፋኤል እንባቸውን እየጠረጉ፣ «አስቀመጥከኝ።»

«ጉልበትህ ነው እንጂ እኔ…»

«ጉልበቴም ሽማግሌ ሆኖ መጥቷል። ከእኛ ይልቅ እሱ ተሰማ።»

«እኔንም ደከመኝ» አሉ አቶ ተፈሪና አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ። ዝምተኛው ሰውዬም ሳይቀደሙ ከጎናቸው ተቀመጡ።

እማዬ ብቻ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ቆማ ነበር፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እንደ ሉቃስ በትከሻዋ የምትስቅ መሰለኝ። ቀረብ ብዬ አብሬያት ሳቅኩ። እንዳልሳቀች የገባኝ ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ይህን ታሪክ እየሳቅኩ ሳወራ እሷ ብቻ ዝም ስትል ነው።

አባባ እሷን አያት። እኔን አየኝ። መቆንጠጫውን ከእጄ ወሰደና ያገላብጠው ጀመር።

«አለምነሽ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ካኮ ትምህርት ቤቱ እስከ ስንተኛ ክፍል ነው?»

«እስከ ስምንተኛ ነው፣ አባዬ» አለች እናቴ ከነጠላዋ ውስጥ።

ሽማግሌዎች ፊት እንዲህ ያለ የማይገናኝ ነገር መጠየቁ፣ ተሸንፎ ወሬ ለማስለወጥ መሰለኝ። አላዋረድኩትም። ወጥቼ ለዮሲ ባቡሩ መፈቀዱን ነገርኩት፤ እስኪመሽ ሮጥን፤ ላሞቹም ሳይቀሩ ሮጡ።

ባዩሽ ሉቃስን ልታገባ መሆኗን ሲነግሩኝ ሐሳቡን ደገፍኩት። የባቡር ሰው ዘመድ ቢሆን ምን ይጎዳል? ድንኳኑ አባባ በር ላይ ተጣለ፤ በግራ በኩል ጠላ፣ በቀኝ በኩል ለሉቃስ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሚሪንዳ። እኔ ከሁለቱም ወገን ጠጣሁ፤ ያለምወርቅ ሳታየኝ አልቀረችም። ሉቃስ የጠየቀው ዝውውር ተፈቅዶለት ሙሽሮቹ ወደ ኦሞራቴ ሲሸኙ፣ በመኪናው መስኮት ባዩሽን አንገቷን ይዤ፣ «መቼ ነው የሚጀምረው?» አልኳት።

«በቅርቡ» አለችኝ፣ ኩሏ በጉንጯ እየወረደ።

የመጀመሪያ ባቡሬን የተሳፈርኩት አድጌ አዲስ አበባ ላይ ነው። ቆሜ፣ በሰው መሀል ተጣብቄ፣ ለባዩሽ ደወልኩላት። «ባዩ፣ ባቡር ላይ ነኝ።» ስትስቅ ስልኩ ተንጫጫ። «በአጥራችን በኩል እንዲያልፍ ንገሪያቸው» አለችኝ።

ሙሽሮቹ በሄዱ ሰሞን እማዬ ልብሴን በአንዲት ሻንጣ አስገብታ አይሱዙ ላይ ጫነችኝ። የባቡሩን መንገድ አስቀድሜ ልይ ብዬ ነው የሄድኩት። ካኮ ያላት ክፍል ከትምህርት ቤቱ ግቢ ጀርባ ነበረች። የመጀመሪያውን ቀን ከሰዓት በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳት። ደወሉ ተመታ፤ ልጆቹ ተዘርግፈው ወጡ፤ ቆይታ እሷ ወጣች፤ ጠመኔ በጣቶቿ ላይ። ሜዳውን አቋርጣ መጣችና «መጣሁ» አለችኝ። ጮኼ አንገቷ ላይ ስጠመጠም ጎረቤቶች ምን ሆነች ብለው ወጡ። በማግስቱም ጮኽኩ። ከማግስቱም በኋላ። ዓርብ ሲመጣ፣ ጆሮዬን ወደ መንገዱ ማቅናት ረስቼ ዋልኩ።

አንድ ማታ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ ይመስለኛል፣ ወለሉ ላይ በሆዴ ተኝቼ የቤት ሥራ እሠራ ነበር። በሩ ተከፈተ።

«መጣሁ» አለች።

«እሺ» አልኳት፣ ቀና ሳልል።

የእግሯ ኮቴ አልቀጠለም። ምን ሆነች ብዬ ቀና ስል በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች፤ ዣንጥላዋ ይንጠባጠባል፤ ፊቷ በሙሉ ሳቅ ነው።

«ምን ያስቅሻል?»

«ምንም» አለች፤ ገብታ ቦርሳዋን ምስማሩ ላይ ሰቀለች።